የተደፋች ጣሳ

ከቦርከና ማዶ፣ ከድልድዩ በላይ፣
ጣሳ ተደፍታለች በረጅም እንጨት ላይ።
ማስታወቂያ አይደለች፣ ፊደልም የሌላት፣
የተጠማ ሁሉ ግን ከሩቅ የሚያውቃት።
"ግቡ" ነው የምትለው፣ "ደርሷል ጠላችን፤
ጉሹ ላይ ነንና ፍጠኑ፣ ሳይቀጥን።"

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፈረቃው ሲለቀቅ፣
የአግዳሚው ወሬ ቀስ እያለ ሲሞቅ፣
ጋሽ ይመር ይገባል፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ
አንዲት ብርጭቆውን፣ እንደ አራስ ልጅ ከልሎ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የቢራ በርሜል አጥቧል፤
"ጠማቂ ነኝ" ይላል፤ ማን ደፍሮ ያርመዋል?
አንድ ጊዜ ፋብሪካው ለሥልጠና ልኮት
ቤልጅግ አገር ሰንብቷል፣ ሦስት ሳምንት ከአራት ሌት።

"እዚያ" ይላል፣ ጢሙን በመዳፉ ጠርጎ፣
"ቢራ አይቀዳም በተገኘው አድርጎ፤
ለጥቁሩ እንደ ጽዋ፣ ለቀዩ እንደ እንቁላል፣
የራሱ ብርጭቆ እስኪታጠብ ጠጪው ይጠብቃል።
መነኮሳት አሉ፣ ጾማቸው የከፋ፣
ጠምቀው የሚሸጡ፣ ከነሙሉ አረፋ።"

"ኧረ በል!" አለና መምህር ፈንታው ሳቀ፤
ደብሪቱ ግን ቆጣ አለች፦ "ምን አለበት ጠመቀ?
የኛስ አባ አይደሉ፣ ማኅበሩ ሲደርስ፣
ባርከው ከጋኑ አፍ ቀድመው የሚቀምሱስ?
ይልቅ ይህን ንገረኝ፤ ድፍድፉን ማን ያሻል?
ጌሾው ስንት ቀን ያድራል? ጋኑ በምን ይታጠናል?"
"ማሽን" አላት ይመር።
እሷም ዝም አለች፤
ሰፈር ሙሉ ሴት እንደሞተባት ሁሉ አዘነች።

አሁን ወደ ጫማው። (ሁሌም እዚህ ይመጣል፣
ብርጭቆው ሁለቴ ሞልቶ ሲጎድል።)

"ከቦይ ዳር ባለ ባንድ ጠባብ መጠጥ ቤት
ረጅም ብርጭቆ አለ፣ ሌባ የበዛበት፤
ባለቤቱ አለኝ፦ 'በዚህ ከፈለግህ፣
መያዣ ይሆናል አንዱ እግር ጫማህ።'
አወለቅሁ። በቅርጫት ጣራ ስር ሰቀለው፤
ከደሴ አራዳ ነው የገዛሁት፣ አዲስ ነው።
ጠጣሁ። ደግሞ ጠጣሁ። ባቡሩ ሊያመልጠኝ ሲል፣
ብርጭቆውን ይዤ ወጣሁ፣ ባንድ እግሬ ስዘል።"

እንድሪስ ሹፌሩ፣ ቀሪቦ ብቻ የሚቀምሰው፣
በሳቅ ግን ከሁላችን አስቀድሞ የሚሰክረው፣
"ያ ሰውዬስ" አለ፣ "ጫማህን ምን አደረገው?"
ይመር መልስ የለውም። ብርጭቆውን አዞረው።

የለንደኑን ግን በዝግታ ነው የሚያወራው፣
ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ኀፍረት ነው የሚያስፈራው።
አንድ ሌት፣ አውሮፕላን ሊቀይር፣ በዝናብ፣
የገባበት ቤት ምንጣፉ ቀይ፣ ቢራው ለብ።
በሩ ላይ አጋዘን ተስሏል፣ ዘውድ የደፋ፤
እኛ ጋ እንጨት ነው፣ ያውም ጣሳ የደፋ።
የማያውቃቸው አራት ሰዎች ዙሪያውን ቆመው፣
አንዱ ለሁሉም ገዛ፤ ቀጥሎም ሌላኛው፤
ተራ ነው ልማዱ። አራት ዙር ጠጣ።
"አምስተኛው የኔ" ብሎ ገንዘብ ሲያወጣ
ደወል ተደወለ። ቤቱ ተዘጋ።
እጁ ከነገንዘቡ ቀረ እንደተዘረጋ።

ስለዚህ ቅዳሜ፣ ጡረታው ይውጣ አይውጣ፣
"የለንደን ዕዳ ነው" ይላል፣ "ሁሉም ሰው ይጠጣ!"

ደብሪቱ ዕዳ ታውቃለች። በጓዳዋ ምስማር ላይ
ኮት ተሰቅሏል፣ ያስያዘው ከብት ነጋዴው ሲሳይ።
"ብርጭቆውን ስጠኝ" አለችው አንድ ማታ፣
"ከኮቱ ጎን ልስቀለው፣ ጫማህ እስኪፈታ።"
ሰጣት። አሁን እዚያ ነው፤ አቧራ አይነካውም።
ሐኪም ከልክሎታል፣ ይመር ጠላ አይቀምስም፤
ከእንድሪስ ጋር ቀሪቦ ነው። ዙሩን ግን አይተውም።

እኔ ከደፉ ላይ፣ ቅራሪዬን ይዤ፣
አንዳንዴ አስባለሁ፣ በሐሳብ ተጉዤ፦
ያ የደሴ ጫማ፣ ከቦይ ዳር ጣራ ስር፣
የቦርከና ጭቃ ከሶሉ ሳይሰበር፣
አንዱ "የማን ነው?" ሲል፣ ባለቤቱ ቀና ብሎ
"ይመጣል" ይል ይሆን፣ ብርጭቆ ወልውሎ?

ደወል የለንም እኛ። ሲመሽ፣ ደብሪቱ ስትደክም፣
ጣሳዋን ታወርዳለች።
ግን የሚነሣ የለም።