ወንዝ የሚያሻግር

የሸጥኩትን ሞተር ራሴው ጋልቤ፣
ግማሽ ዋጋ በኪሴ፣ ግማሹ በልቤ፣
ከኡላንባታር ወደ ኡልጊ ተነስቼ
ወጣሁ፣ ሚስቴን በሩ ላይ ከነኩርፊያዋ ትቼ።
የጭነት መኪናው ዋጋው አይቀመስ፤
«በገዛ እግሩ ይምጣ» አለ ገዢው፣ «ሲደርስ
ቀሪውን ቆጥሬ እጅህ ላይ ላፍስስ።»

ካርታው አንድ ብሎ ያሰመረው መንገድ
ሜዳው ላይ አስር ነው፤ አንዱ አንዱን ሲክድ
ሁሉም ጎን ለጎን ወደ አቧራ ሲነጉድ።
የቱን ልያዝ ብዬ የምጠይቀው ሰው
ከአድማስ ወዲህ የለም፤ ወዲያም ጥቂት ነው።
መሬቱ ተሸብሽቦ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ
ብሎኖቼን አንድ በአንድ ፈታቸው ቆጥሮ።
መስተዋቱ ሄደ፣ ተከተለው ታርጋው፤
የኋላ መብራቱን ካልሲዬ ነው የያዘው።

የአልታይ በረዶ ሌሊቱን ይተኛል፤
ፀሐይ ስትመታው ቀልጦ ይነሳል።
እረኛ የሚያውቀውን፣ እኔ የከተማ ሰው
ያወቅሁት ጎማዬን ውሃ ሲቀምሰው።
ከዳር ሲያዩት ልጅ ነው፤ ጠጠር ላይ ይስቃል፣
ቁርጭምጭሚት ነክቶ ጉልበት ይደባብሳል።
ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ያሉት
መሃሉ ላይ ቆመው መሆን አለበት።

ሞተሩ አንዴ ሳለ። ደገመ። ከዚያ ዝም።

እስከ ወገቤ ገብቼ፣ መሪውን ሙጥኝ ብዬ፣
ወንዙ ሊወስድ፣ እኔ ላስቀር፣ ስንጎተት
ያሰብኩት ነፍሴን አልነበረም፤
ያልተቆጠረውን ግማሽ ነው።
በልቤ የያዝኩት ያ ሁሉ ተስፋ
ወንዝ የማያሻግር ሆኖ ተገኘ።

ከማዶ አንዲት ሴት ግመል እየሳበች መጣች።
ቦታጎዝ ትባላለች፤ የግመል ግልገል ዓይን
ማለት ነው በካዛክ። አልጮኸችም፣ አልገሰጸችም፤
ገመድ ወረወረች። ብረቱንም እኔንም
በአንድ ቋጠሮ ጎተተችን፣
ግመሏ ሌላ ነገር እያሰበች፣ እያመሰኳች።

ካንዴላውን ነቅዬ መርገጫውን ስረግጥ
ሲሊንደሩ ወንዙን ፊቴ ላይ ተፋው።
ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ መስሏል።
ቦታጎዝ የቀዳችልኝም መልኩ ያው ነው፣
ጨው አለው እንጂ።

ገንዘብ ሳወጣ እጄን መለሰችው።
«ወንድሜ ማዶ ነው፤ የበጎቼ መድኃኒት እሱ ጋ ቀርቷል።
ግመሏ ነፍሰ ጡር ናት፣ ዛሬ ያደከምኳትም ይበቃል።
ነገ ማለዳ ታመጣልኛለህ።»
መልሼ? ይኸን ወንዝ?
«አንዴ አልፈኸው የለም?» አለች።
ማን እንዳሳለፈኝ ላስታውሳት አፈርኩ።

ጎህ ሲቀድ ሱሪዬን አውልቄ፣ በትር ይዤ
በእግሬ ለካሁት። የሚጮኸው፣ የተንጣለለው
ጉልበት አይደርስም፤ ጥልቁ ያ ዝምተኛው ነው።
በሰያፍ ሄድኩ። በሰያፍ ተመለስኩ።
መድኃኒቱ የራስ ቁሬ ውስጥ ነበር፤ ጭንቅላቴ እርቃኑን።

ኡልጊ ገዢው ደጅ ቆሞ ጠበቀኝ፤
ሞተሩን ዞረና ቀና ብሎ አየኝ።
«ውሃ ነክቶታል?» «ትንሽ» አልኩ፣ ቀለል አድርጌ፤
የጭቃው መስመር ግን ወጥቷል እስከ ወገቤ።
አልተከራከረኝ። የኋላውን ጎማ
አንስቶ ሲያዘነብል፣ ከጭስ ማውጫው ጨለማ
አንዲት ጠጠር ወጥታ እግራችን ስር ወደቀች፤
ጠዋት የታጠበች ይመስል ታበራለች።
ቀሪውን ቆጠረ፣ አንድ ኖት አስቀረ፤
ጠጠሯን በምትኩ መዳፌ ላይ አኖረ።