የሳህን ዓሣ

በርገን ላይ ዝናቡ ዛሬም አላባራ፤
ባልዲዬን ጨብጬ ስገባ ለሥራ
ሙጫ የጠጣ ምንጣፍ፣ ቀለም የላሰ በር፣
የሕፃናቱ ክፍል ሆኖ ጠበቀኝ ባሕር።

ዘዴው ቀላል ነበር፦
ከወረቀት ሳህን አፉን ትቆርጫለሽ፣
ቁራጩን ከኋላ ጭራ ታደርጊያለሽ፤
ከአፉ የጎደለው ጭራው ላይ ይሞላል።
የኦድቫር ዓሣ ሆዱ ሙጫ ያንጠባጥባል፣
የማግንሂልድ ደግሞ በሦስት አዝራር ያያል።

የቱቫ ብቻ ክብ ነው፤ መቀስ አልነካውም፣
ጭራም አልበቀለው፣ አፍ የሚባል የለውም።
ከመስከረም ወዲህ፣ ሲግሪ እንደነገረችኝ፣
ድምፅዋን የሰማ የለም።
አባቷ ሲዘገይ፣ ኮቷን እንደ ለበሰች፣
መጥረጊያዬን ታያለች እንጂ አትናገርም።

ዓርብ ማታ ጠረግሁ፦ ላባ፣ ብልጭልጭ፣ ክር፤
አንዲት ሦስት ማዕዘን ከወንበሯ ሥር፣
ከጥፍሬ የማትበልጥ፣ ጠርዟ የተቦጫጨቀ።
ቀና ስል ግድግዳው ላይ፣
ጠማማ፣ ጠባብ፣
«አ» ለማለት ብቻ የምትበቃ ቀዳዳ፦
ዓሣው አፉን ፈቷል።

ሌላውን ቁርጥራጭ በከረጢት ሰበሰብሁ፤
ይቺን አልጠረግኋትም።
ከሙጫው አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይ ተውኋት፤
የሰኞ ጭራ ናት።