አየህ ወይስ ሰማህ?

ቅዳሜ ማለዳ ስልኬን ስከፍተው
ጋሽ አዛናው ሞተው፤
ፎቷቸው ተለጥፎ፣ ሻማ ተደርጎበት፣
ከሥሩ መቶ ሰው «ነፍስ ይማር» ያለበት።
እኔም «ነፍስ ይማር» አልሁ፤ ሦስት የሚያለቅስ ፊት
ደረደርሁበት፤
ጥርሴን እየፋቅሁኝ፣ ሳላዝን በቅጡ፣
እንባዎቼ ሁሉ ካውራ ጣቴ ወጡ።

በዚያው ቀን ከሰዓት፣ ቅዳሜ ገበያ፣ ከሽንኩርቱ ተራ ላይ፣
ሟቹ ይሟገታሉ በአምስት ብር ጉዳይ።
«ደህና ዋልህ?» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስ
ጠዋት ላሰናበትኋት፣ ከሰዓት ላገኘኋት ነፍስ?

ማታውን ነቀልሁት፤ ፌስቡክን፣ ቴሌግራምን፣ ቲክቶክን ሳልምር።
ሦስት ቀን ሙሉ እጄ ኪሴን ሲመረምር፣
ምላስ የወለቀን ጥርስ ሥፍራ እንደሚያስስ፣
ባዶውን ሲዳብስ።

ጎንደር ዝም አለችኝ። የአጎቴ ልጅ ሠርግ አለፈኝ
(ጥሪው በቴሌግራም ነበር፤ ሙሽራዋ እስካሁን እንዳኮረፈችኝ)፤
የውሃው ፈረቃ ሲቀየር ጀሪካኔ ባዶውን አደረ፤
የአርማጭሆ መንገድ ይከፈት ይዘጋ፣ ማን ምን እንደተናገረ፣
ምንም።

በእግሬ ወጣሁ እንግዲህ፣ ወሬ እንደ ውሃ ጠምቶኝ፣
ምንጩን ልፈልግ፣ ቧንቧው ሰልችቶኝ።

መናኸሪያው በር ላይ፣ ከአርማጭሆ የገባ ረዳት መንገዱን ይናገራል፤
አቧራው ከሽፋሽፍቱ ላይ ይመሰክራል።
የዕድራችን ጓዴ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣
ጥሩምባውን ይዞ በየደጁ ሲሄድ፣
«የሰማህ ላልሰማህ አሰማ!» ይላል፣ የሟቹን ስም ጠርቶ፤
ግን ከመንፋቱ በፊት ለቅሶው ቤት ገብቶ፣ በዓይኑ አይቶ።
ጓዴ «ሞተ» ካለህ፣ ሞቷል።

ከፒያሳ በታች፣ ሰዓት ጠጋኙ ይርጋ፣
ሱቁ የማትበልጥ ከአንድ ሰው አልጋ፤
አንቴናዋ በሹካ የተቀጠለ፣
ሳሏ ያልተነቀለ፣
አንዲት ሬዲዮ አለችው።
በአሥራ ሁለት ሰዓት እንሰበሰባለን፦ ነርሷ አድና፣
ባጃጁን በር ላይ የሚያቆም አብዩ፣ አንድ ጡረተኛ ዳኛ፣
እኔ።
ሕጋችን አንዲት ናት፤ ይርጋ ከማጉያው ቀና ሳይል
የሚጠይቃት፦
«አየህ ወይስ ሰማህ?»
ያየ ይናገራል። የሰማ፣ ከማን እንደሰማ ይናገራል።
ያላየ ያልሰማ ደግሞ (እኔን የከበደኝ ይሄ ነው) ዝም ይላል።

አንዳንድ ማታ ወሬ የለም። ሰዓቶቹ ብቻ፣ እርስ በርስ የማይስማሙ፣
ግድግዳው ሙሉ ይሟገታሉ፤ አንዳንዶቹም ቆሙ።
አልዋሽም፣ ይርጋም ይሳሳታል፤ ዳኛውም ያጋንናል።
ግን በማግስቱ ያው ወንበር ነው፣ ያው ፊት፤
«ትናንት ያልኳችሁ ልክ አይደለም» ይላል፣ ሲያፍር እያየሁት።

ትናንት ማታ ደጁን ጥላ ሸፈነው። ጋሽ አዛናው ናቸው፤
የቆመ ሰዓት በመሐረብ ጠቅልለው በእጃቸው።
ወንበር ለቀቅንላቸው። አልተቀመጡም።
ወደ እኔ ዞሩ (ለካ ያኔ አንብበውት ኖሯል)፦
«ልጄ፣ ዛሬስ ምን ይወራል? አለሁ ወይስ ሞቻለሁ?»

ይርጋ ማጉያውን ከዓይኑ አወረደ፦
«አየህ ወይስ ሰማህ?»

እጃቸውን ጨበጥሁ።
ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።