«ቤት» የምትል ቁልፍ

ከሻርጃ ገበያ፣ ከአሮጌ ዕቃ ተራ፣
ከስክሪን ጠጋኙ ከአብዱልሳቡር ጋራ
ተከራክሬ ገዛኋት፣ በስድሳ ድርሃም።
«ካርታዋ አርጅቷል» አለኝ፤ «ግን ግድ የለም፣
መንገድ ከቦታው ተነሥቶ የት ይሄዳል?» ብሎ
በፌስታል ጠቀለላት፣ ገመዷን አክሎ።

መዳፍ አትሞላም። በጎማ መምጠጫዋ
መስታወት ላይ ነው ማደሪያ መዋያዋ፤
ነሐሴ ሲግል ግን ለቅቃ ትወድቅና
ጭኔ ላይ ተጋድማ፣ «ቀኝ» ትላለች ገና።

ሠላሳ ቋንቋ አላት። ዝርዝሩን ወረድኩት፣
ተመልሼ ወጣሁት፣
የኔን ግን አጣሁት።
በእንግሊዝኛ ተውኳት። ስም ግን አልነፈግኳት፣
«እትዬ ታጠፊ» ብዬ ክርስትና አነሣኋት።

ሥራዬ የታጠበ ልብስ በየደጁ ማድረስ።
ከኋላዬ ዐባያ፣ ነጭ ከንዱራ፣ ቀሚስ፣
በመስቀያ ተርታ። ጉብታ ሲያገኛቸው
ራስ ሳይኖራቸው
ራስ ይነቀንቃሉ፣
እንደ ለቅሶ ቤት ሰው፣ አንዳች ቃል ሳይሉ።

እትዬ አዲሱን ሰፈር አታውቀውም።
እሷ ስትሠራ ባሕር የነበረው ዛሬ ባሕር አይደለም፤
አሸዋ ሞልተውበት፣ ሕንጻ አቁመውበት፣
የትራፊክ መብራት እንኳ ቆሞበት።
እሷ ግን መኪናዬን ሰማያዊው ላይ ታንሳፍፋለች፣
«በተቻለ ፍጥነት ይመለሱ» ትላለች።
እኔም መሪ ጨብጬ፣ ቀበቶ ታጥቄ፣
በሰባ ኪሎሜትር ባሕር ሰንጥቄ
የዶክተሩን ሚስት ቀሚስ አደርሳለሁ፤
ጫማዬ ሳይርስ እሻገራለሁ።

አንዲት ቁልፍ አለቻት፣ ጎጆ የተሣለባት፣
«ቤት» የተባለባት።
ነክቻት አላውቅም። የኔ ቤት አልጋ ነው፣
ስድስት ሴት ካለንበት ክፍል፣ ከላይ ያለው ነው።
ለአልጋ ማን አድራሻ ይሰጣል?

አንድ ሐሙስ ማታ፣ ዓጅማን ላይ ጨርሼ፣
የቀዘቀዘ ፈላፍል ግማሹን ጎርሼ፣
ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጣቴ ነካት።
አሰበች። አሰበች።
«አርባ አንድ ደቂቃ» አለች።
የማን ቤት ነው? አልጠየቅኩም። የሸጣት ሰው ሳይሰርዘው የቀረ።
ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ቤት የሚባል ነገር
በደቂቃ ተቆጥሮ ቀርቦኝ አያውቅም ነበር።

ኡም አል-ቀይዋን ገባን። አስፋልቱ አለቀ።
መብራቱ ሳሳ፣ አሸዋው ጠለቀ።
«መድረሻዎ በስተግራ ነው» አለችና ዝም አለች፣
ኪራይዋን እንደተቀበለች።

በስተግራ የቆርቆሮ አጥር። ከአጥሩ ጀርባ ፍርስራሽ፣
ወደ የትም የማይወጡ ሦስት የደጃፍ ደረጃዎች፣
አንድ ቁርቁራ፣ ልክ እንደ ቆቦው ቁርቁራ፣
እሾኹ ሳይቀር።

ዘበኛው መጣ፣ ባትሪውን ዓይኔ ላይ አብርቶ፣
«ማንን ነው?» አለኝ፣ ዐረብኛውን ሰባብሮ።
«ቤት ናት ያለችኝ» አልኩት፣ እትዬን እያሳየሁት።
ሳቀ። ከዚያ መሳቁን ተወው።
ሙኒሩል ይባላል፣ ከሲልሄት። የፈረሰው እሱ ሳይቀጠር ነው፤
ማን እንደኖረበት አያውቅም፣ ዛፉን ብቻ ያጠጣል።
ውሃ በጆግ ሰጠኝ፣ ቁርቁራ በኮፍያው።
«የኔን አገር ታሳያለች?»
ካርታውን በጣታችን ወደ ምሥራቅ ገፋነው፤
ከሙስካት ማዶ ግራጫ ሆነ።
ወደኔ ገፋሁት፤
ሰንዓ ሳይደርስ ግራጫ ሆነ።
«ርካሽ ናት» አልኩት።
«ርካሽ ናት» አለኝ።

ስመለስ አጥፍቼ ቦርሳዬ ከተትኳት፤
መንገዱን ከኋላ ወደፊት አነበብኩት፦
ሚናራው ላይ አረንጓዴ መብራት፣
ግማሽ ፊደሉ የተቃጠለ ጎማ ጠጋኝ፣
ግመል ያለበት ምልክት።
በእኛ አገር መንገድ የሚጠየቅ ሰው እንዲህ ነው የሚል፤
እሱን አልፈሽ፣ እሱን ይዘሽ፣ ከዚያ ደግሞ ጠይቂ።

የቁርቁራ ፍሬ በጥርሴ ስሰብር፣
ዓጅማን ጫፍ ላይ፣ ያጠፋኋት መስሎኝ፣
ከቦርሳዬ ውስጥ፣ ከመሐረብና ከቁልፍ ሥር፣
«እንደገና በማስላት ላይ» አለች።
አስዪ፣ እትዬ። አስዪ።