የጫማ ቁጥር

ከሌሊት ፈረቃ ወጥተን፣ ዴልሂ ጉም ለብሳ ሳለች፣
ሴፒዴህ ክንዴን ይዛ «ዛሬስ አትቀሪም» አለች።
ከእብነ በረድ የተፈለቀቀ ያ ነጭ አበባ
ዘጠኝ በሮቹን ከፍቶ «ማንም ይሁን ማን፣ ይግባ»
የሚል ይመስል ነበር።

ከደረጃው ሥር አንድ ሽማግሌ ጫማ ይረከባል፤
የሂንዱውን፣ የሲኩን፣ የሙስሊሙን፣ በየከረጢቱ ያስገባል።
የእኔንና የሷን፣ ነጭ የነርስ ጫማችንን፣ ባንድ ላይ ከተተና
የናስ ቁጥር ሰጠን፤ «አራት መቶ አሥራ ሁለት» ይላል።

«አሌያማ፣ እምነታችን ይኸው ነው» አለችኝ ስንወጣ ደረጃውን፤
«የአንድ ትምህርት ቤት መምህራን ናቸው፣ ከክፍል ክፍል የሚያሻግሩን፤
ክርሽናም፣ ሙሴም፣ ያንቺም ኢየሱስ።
ወንዙ ብዙ ነው፣ ባሕሩ አንድ፤ ባሻሽ ወንዝ ውረጂ፣ ብቻ ይድረስ።»

ውስጡ ዝምታ ነው ሕጉ። አንዲት ልጅ ከዳዊት አነበበች፣
አንዱ ከቁርኣን፣ አንዱ ከጊታ፤ ጉልላቷ ሁሉን ተቀበለች።
እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ።
ደግሞ ወዲያው ሆድ ባሰኝ።

እኔ የኩታናድ ልጅ ነኝ፤ ከባሕር ዝቅ ባለ መሬት
ሩዝ ይዘራል እኛ ዘንድ፤ አባቴ ግድብ ይጠብቅ ነበር ሌት ሌት።
በበጋ፣ ወንዙ ሲደክም፣ ነገር ይገለበጣል፤
ባሕሩ ጨዉን ተሸክሞ ሽቅብ ወደ ሰው ይመጣል።
በአባቴ ፋኖስ አይቼዋለሁ፤ በምላሴ ቀምሼዋለሁ።
ሴፒዴህ፣ ወንዞች ቁልቁል መውረዳቸውን መች እክዳለሁ?
የእኔ ወሬ ግን ሌላ ነው፤
እኔን የፈለገኝ ባሕሩ ነው።

መምህር ብቻ ቢሆንማ፣ ትምህርቱን ይዤ እሱን በረሳሁት፤
ሰባት ጊዜ ስምንትን ያስጠናኝ ማን ነበር? መልኩን እንኳ አጣሁት፤
ሃምሳ ስድስት ግን ዛሬም ሃምሳ ስድስት ነው።
እሱን እንዲያ አድርጌ ልረሳው አልቻልኩም። ፎጣ የታጠቀ ነው፤
የዓሣ አጥማጅ ተረከዝ በእጁ ይዞ የተንበረከከ።
የቶማስ ልጆች ነን ይላሉ የእኛ ሽማግሎች፤
ጣቱን ካላስገባ የማያምን፣ የአንድ ግትር ሰው ልጆች።
ብርሃን በመስኮት ሁሉ ይገባል፤ እሺ፣ ይግባ በሙሉ።
የተወጋው ጎን ግን አንድ ነው፤ አይባዛም እንደ ምስሉ።

ይኼን ሁሉ በልቤ ስል፣ ከአፌ የወጣው ሌላ ሆነ፤
«አባትሽስ?» አልኳት ደረጃው ላይ፤ «ሁሉም አንድ ከሆነ፣
አንዲት ቃል መለወጥ ምን ነበረበት?»

ሺራዝ ነው። ሰዓት ጠጋኝ ነበር።
«ባሃኢ አይደለሁም በል፣ ዛሬውኑ ቤትህ ታድር።»
አላለም። ከዚያ ወዲያ ቤት የደረሰችው
ዓይኑ ላይ የሚሰካት ትንሿ ማጉያ ናት፣ ብቻዋን የመለሷት።

ምላሴን በነከስኩት። እሷ ግን ጸጉሯን ወደ ኋላ መልሳ፣
«የሌላው ሐሰት ነው ብሎ አይደለም» አለች፣ ድምጿን ሳታነሣ፤
«አልዋሽም ብሎ ነው።»

መልስ አጣሁ። ጴጥሮስ እንኳ፣ እግሩ በዚያ እጅ ታጥቦ፣
ሦስት ጊዜ «አላውቀውም» አለ፣ የሰው እሳት ከብቦ።

ቁጥራችንን መለስን። ለዓይን አንድ ነው ጫማው፤
ካንድ ሱቅ፣ ካንድ ፋብሪካ። የሷን አጠለቅኩ፤ ማን ሊለየው?
ጣቴ ለየው፣ ተቆልምሞ። ሳቅን። ተቀያየርን። አሰርን።

አውቶቡሱ ውስጥ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።
እኔም እንዲህ ያለው ሙት በየትኛው ጸሎት እንደሚጠራ ሳላውቅ፣
የሰዓት ጠጋኙን ስም ለጌታዬ ሹክ አልኩት፣
እንዳልቀሰቅሳት ስጠነቀቅ።