በፊደል አሥር ሳንቲም

አባቱ የመቃብር ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ፣
በኤሪ ሐይቅ ዳር፣ ሳንደስኪ የኖሩ።
ዋጋቸው አንድ ነው፤ በፊደል አሥር ሳንቲም፤
ለሀብታም አይጨምር፣ ለድኻ አይቀንስም።

አንዲት መበለት መጣች፣ በመሐረቧ ጫፍ ቋጥራ
ሁለት ዶላር ከሃያ፣ ሦስት ጊዜ ቆጥራ።
«ደግ፣ ትጉህ፣ ታማኝ ባል» ልታስቀርጽ ነበር፤
ሂሳቡ አልሞላላት፣ ቀረች በበሩ ዳር።
መሮ አቀባዩ ልጅ፣ ሆሊስ፣ የዘጠኝ ዓመቱ፣
«ታማኝ የሚለው ይውጣ» አላት በድፍረቱ፣
«ሰፈር ያላመነውን ድንጋይ አያሳምን።»
ሴትየዋ በእንባዋ መሐል ሳቀች።
አባት መዶሻቸውን አስቀምጠው ልጁን አዩት።
አንድ ቃል ሰርዞ ሁለት ነገር ማትረፉ ያኔ ገባው፦
ሰማንያ ሳንቲም፣ ደግሞም ሳቅ።

እኔ ያወቅሁት ኋላ ነው፣ አዘጋጁ ክሬምፕል ሲባል፣
ኒውዮርክ፣ ከጓንት ሱቅ በላይ፣ በሲጋራ ጢስ መሐል።
መጽሔቱ «ጎባጣው ምስማር»፣ ዋጋው አሥር ሳንቲም፤
«ያባቴ አንድ ፊደል» ይላል፣ «ከዚያ በላይ አናስከፍልም።»
ሥራዬ ፖስታ መክፈት ነው፤ በቀን ሁለት ጆንያ፣
ከካንሳስ፣ ከሜይን፣ ከአዮዋ፣ ከቨርጂኒያ፣
የጥርስ ሐኪም ቧልት፣ ዳኛ የገጠመው ስላቅ፣
ከእስር ቤት የተላከ፣ ከሁሉም የሚያስቅ።
እሱ በሰማያዊ እርሳስ፣ ጫፉን ጥርስ በበላው፣
ቃል ይቆርጣል፣ ሐረግ ይቆርጣል፣
የወዳጁን አንቀጽ፣ የገዛ ራሱን መግቢያ።
ጸሐፊ ተቆጥቶ ሲመጣ አንድ ጥያቄ ነበረው፦
«ድንጋይ ላይ ቢሆን ኖሮ፣ ለዚህ ቃል ትከፍል ነበር?»

እውነተኛው ዳኛ ግን የሊፍቱ ነጂ ነበር፣
ኦገስተስ ዱፕሪ፣ የሳቫና ሰው፣ ፊቱ የተቆለፈ በር።
ክሬምፕል ጠዋት ገብቶ አንዲት ቀልድ ይወረውራል፤
ሦስተኛ ፎቅ ሳይደርሱ ከሳቀ፣ ትታተማለች።
ዝም ካለ ወደ ምድር ተመልሰው ሌላ ይሞከራል።
አንድ ሰኞ አሥራ አንድ ጊዜ ወጡና ወረዱ፤
የአምስተኛ ፎቅ ጠበቆች በእግራቸው ሄዱ።
በስድስተኛው ዓመት ዱፕሪ ሊፍቱን መሐል ላይ አቆመና
«ሳቄን በነጻ ስትወስድ ከረምህ» አለው።
ከዚያ ወር ጀምሮ የደመወዝ መዝገቡ ላይ አለ፦
ዱፕሪ ኦ.፣ ሳቂ።

ሚስቱ ዊኒፍሬድ በየካቲት ሞተች።
በማግስቱ ባርኔጣውን እንደያዘ ሊፍቱ ውስጥ ገባ።
ቀልድ አልወረወረም።
ዱፕሪ ሦስተኛውን አለፈው፣ አምስተኛውን አለፈው፣
እስከ ጣሪያው ወሰደውና በሩን ከፈተለት።
በረዶው ላይ ቆመው የወንዙን ጀልባዎች አዩ።
ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ያባባሉም አይመስለኝም።

ኋላ መስኮት ያለው ሳጥን በየሳሎኑ ገባ፤
ሳሙናው ወደዚያ ሄደ፣ ጎማውም፣ ሲጋራውም፣
ማስታወቂያ የሌለው መጽሔት እንደ ክረምት ዛፍ ሳሳ።
መጀመሪያ የወረቀቱን ጥራት ቆረጠ፣
ቀጥሎ ገጹን፣ ቀጥሎ የራሱን ደመወዝ።
ዕድሜውን ሁሉ ሲቆርጥ የኖረ ሰው፣
ተስፋ መቁረጥ ብቻ አልሆነለትም።
የመጨረሻው እትም አሥራ ስድስት ገጽ ነበር፤
አሥራ ሰባተኛውን እንዳንፈልግ ለመነን።

ሳንደስኪ ተመልሶ ባባቱ ቤት አረጀ።
አንድ ቀን ፖስታው መጣልኝ፤ እኔም እንደ ልማዴ ከፈትሁ።
ለድንጋዩ የሚሆን ጽሑፍ ነበር፣ አርባ ቃል፣
ሁሉም በሰማያዊ የተሰረዘ።
ኅዳጉ ላይ የተረፈውን እንዳለ አስቀረጽነው።

ዱፕሪ በአውቶቡስ መጣ፣ ምርኩዙን ይዞ፣
ባርኔጣውን አውልቆ ድንጋዩን አነበበ፦
«ክሬምፕል። ቀሪው በገጽ ዘጠና አራት።»
እኔ ከጀርባው ቆሜ እንደ ሊፍቱ ቆጠርሁ፤
አንድ፣
ሁለት፣

ሁለት ላይ ሳቀ።