ቤት ላለመምታት

በሃይፋ፣ ተራራው ወገብ ላይ፣ መንገዱ ደረጃ ነው ሁሉ፤
ወጪና ወራጁ ቁና ቁና እየተነፈሰ ሰላም ይባባላሉ።
እኔ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፤ ሥራዬ ቁጥር ማየት፣
ክዳን ማንሳት፣ መጎንበስ፣ ጽፎ መሄድ፣ ሌላ ቤት።

አሥራ ሰባት ቁጥር አለች፣ ከሐዳር ቁልቁል ሲወርዱ፣
ሰገነቷን ጨው በልቶት፣ ብረቶቿ በዝገት የነደዱ።
ከበሯ ቅስት በላይ አንድ ዓመት በዓረብኛ ተቀርጿል፤
ከሥሩ የፖስታ ሣጥን፣ ስም በስም ላይ ተለጥፏል፦
ሌይቦቪች የሚል አንዱ፣ በላዩ አቤክሲስ የሚባል ሰው፣
ከሁሉም በላይ ባዶ ወረቀት፣ ዝናብ ያጠበው።
የመጀመሪያው ባለቤት ስም የለም፤
ድንጋዩ ብቻ ነው የሚያውቀው።

አዲስ ቤት አያባብለኝም። አሮጌ ቤት ግን ያውቃል፤
በሩን ስትገፋው ያቃስታል፣ «ማነህ?» ብሎ ይጠይቃል።
ሦስተኛዋ እርከን መሐሏ ጎድጉዳ ማንኪያ መስላለች፣
ዝናብ በጣለ ቁጥር የድንቢጥ ድርሻ ታስቀምጣለች።
የበሩ እጀታ ላይ የአውራ ጣት ስፍራ አለ፤
ጣቴን ባሳርፈው ገጠመ፤ ሲጠብቀኝ የኖረ መሰለ።

አባቴ የሠራው ቤት ጭቃ ነበር፣ በጭድ የተመረገ፤
ጥለነው በወጣን በሦስተኛው ክረምት አፈርን ፈለገ።
ከዚያ ወዲህ ያደርኩባቸው፣ ድንኳን፣ ካራቫን፣ አፓርታማ፣
አንዱን እንኳ ሲያረጅ አላየሁ፤ ሲያቃስት ጆሮዬ አልሰማ።

ባለፈው ዓመት ማዘጋጃ ቤቱ ቀይ ወረቀት ለጠፈ፤
«አደገኛ ሕንፃ» ይላል፣ ቀኑም ከሥሩ ተጻፈ።
መዝገቤም «ነዋሪ የለም» ይላል፤ ዜሮ ነበር የሚጠበቅባት፤
ቆጣሪዋ ግን ትንሽ ትንሽ ትሄዳለች፣
በሳምንት ጥቂት ባልዲ፣ እንደ ደካማ የልብ ምት።
ተበስቶ ይሆናል አልኩ። ማክሰኞ፣ ሥራ ሳይኖረኝ፣ ሄድኩ፤
በሩ ገርበብ ብሏል፤ ውስጥ ውሃ ሲጠረግ ሰማሁና ቆምኩ።

አሮጊት ናቸው፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት የጠቀለሉ፤
«ፓውሊና እባላለሁ፤ እዚህ ነው ያደግኩት» አሉ።
በሁለት አውቶቡስ ይመጣሉ፣ ከጡረተኞች መኖሪያ፤
ባልዲው ሲደፋ ወለሉ ያብባል፤
ቀይና ሰማያዊ ሸክላ፣ የዱሮ ሰው ሙያ።
«ይቅርታ» አልኩ፣ «ሊፈርስ ነው፤ የሚፈርስ ቤት ማጠብ ምን ይባላል?»
ቀና አሉ። «ሬሳስ ታጥቦ አይደል የሚቀበር? ይታጠባል።»

ስሜን ጠየቁኝ። ጠገነ። ትርጉሙን ነገርኳቸው፤
ሳቁና የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አሳየኝ ጣታቸው።
በአርባ ስምንት ዓመቴ ስሜን የሠራሁበት ቀን ያ ነበር፤
ከቦርሳዬ የሁለት ሸቅል ጎማ አውጥቼ ቀየርኩ፤ ጠብታው ዝም አለ፣
የባሕሩ ነፋስ ብቻ ቀረን የሚናገር።

ቅጹ ላይ ምክንያት የሚጻፍበት ጠባብ ቦታ አለው፤
«ፍሳሽ» ወይ «ስርቆት» ነው ምርጫው፤
እኔ በእጄ የጻፍኩት «ሰው አለ» ነው።

ሐሙስ ዕለት ማሽኑ መጣ።
                              በኛ ቋንቋ ገጣሚም ቤት ይመታል፤
ቃልን ከቃል ጫፍ ያጋጫል፣ እስኪገጥም ይደበድባል።
እኔም እስካሁን፣ እንደምታዩት፣ ስመታ ነው የመጣሁት።
አሥራ ሰባት ቁጥርን ግን ከደረጃው ግርጌ ቆሜ አየኋት፦
ድንቢጧ መጣች። ማንኪያዋ እርከን ላይ የትናንት ውሃ ነበረ፤
ጠጣች። ሾፌሩ ሲጋራ ለኮሰ፤ ሞተሩም ገና አልጀመረ።

የመጨረሻውን ስንኝ እንዲህ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ እተወዋለሁ፤
አንድ ቤት እንኳ ሳይመታ ይቅር።